በሽተኛውን የሚረከበው ማን ነው?

ከሀዋሳ መናኸሪያ ወደ መሃል ከተማ በባጃጅ የሚሄድ ሰው ግራ ቀኙን ቢያይ፣ ከፋርማሲው ጎን “ኪንታሮት ያለ ቀዶ ጥገና” የሚል ሰሌዳ፣ ከላቦራቶሪው ማዶ ሥርና ቅጠል በፌስታል የቋጠረች ነጋዴ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ የፈውስ ጉባኤ የሚያስተዋውቅ ባነር ማየቱ አይቀርም። ጸበልተኛው ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያቀናል፤ ልጁን ሩቅያ (በቁርኣን ንባብ የሚደረግ ጸሎት) ለማስቀራት ሼኩ ዘንድ የሚሄድም አለ። ሁሉም ተጎራብተው ይሠራሉ፤ ደንበኛቸውም አብዛኛውን ጊዜ ያው አንድ ሰው ነው።

እኛ ስንከራከር ግን ነገሩን ለሁለት ከፍለን ነው። አንዱ “ኋላ ቀርነት” ይላል፣ ሌላው “የአባቶቻችን ጥበብ” ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አይሰማም። በሽተኛ ያለበት ቤት እንዲህ ያለ ምርጫ አያውቅም። ጠዋት ጸበል ያስጠመቀች እናት ከሰዓት ካርድ ታወጣለች፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ሽሮፕ እየሰጠች ማታ ቤቱን በቀበርቾ ታጥናለች። ስለዚህ “የቱ ይሻላል?” ከማለት ይልቅ ሌላ ነገር መጠየቅ ያዋጣል፦ በሽተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ማን ያስረክበዋል፣ ማንስ ይረከበዋል? ብዙው ጉዳት የሚደርሰው እዚያ መሻገሪያ ላይ ነው።

የሚጥል በሽታን እንውሰድ። ከገጠር መጥታ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ የምትሰፋ ወጣት አለች እንበል። አንድ ሌሊት በተከራየችበት ክፍል ውስጥ ወድቃ ተንቀጠቀጠች። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ክብሪት ጭረው ጭሱን አሸተቷት። ይህ በመላው ሀገሪቱ የሚደረግ ነው፤ ጉዳቱ ብዙ ባይሆንም ጥቅም የለውም፤ መንቀጥቀጡ የሚያቆመው በራሱ ጊዜ ነው። በማግስቱ ቤተሰብ ተደወለለት፤ “ለከፋት” ተባለ። መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄደች፣ ቀጥሎ ጸበል ገባች፣ ቀጥሎ ጓደኛዋ ጸሎት ቤት ወሰደቻት። በመጨረሻ፣ ምናልባት እሳት ላይ ወድቃ እጇ ከተቃጠለ በኋላ፣ ሆስፒታል ደረሰች።

ሐኪሙ ፌኖባርቢታል ጻፈላት። ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ እጅግ ርካሽ ኪኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ቢታከሙ ከሚጥል በሽታ ታማሚዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ያለ መንቀጥቀጥ መኖር ይችላሉ። ልጅቱም ወራት አለፋት ሳትወድቅ። ከዚያ ምስጋና ልታቀርብ ቀድሞ ወደተጸለየላት ቦታ ስትመለስ፣ ከፍ ባለ ድምፅ “ድነሻል፣ ኪኒኑን ጣዪው” ተባለች። ጣለችው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ሳያቋርጥ እየተከታተለ ሕይወት እስከ መንጠቅ ይደርሳል።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ጸሎቱ አልገደላትም፤ ጸበሉም፣ ክብሪቱም እንዲሁ። የጎዳት ትእዛዙ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የዘገየችበት ጊዜ አለ፤ ለሐኪሙ ያልተናገረችው ቅጠልም አለ። ሐኪሙ አልጠየቃትም፤ ቢጠይቃትም እንደሚቆጣት ስለምታውቅ አትነግረውም። አጥማቂው ስለ ኪኒኑ አላወቀም። ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ይዞ ቀረ።

ለምን ሆስፒታሉ መጨረሻ ላይ ሆነ? ድህነትና አለማወቅ ነው ይባላል፤ በከፊል እውነት ነው። ግን የባህል ሐኪም ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። በግ ወይም የተወሰነ ቀለም ያለው ዶሮ የሚያዝዝ አለ፤ ራቅ ያለ ጸበል ሄዶ ሱባኤ መግባትም ትራንስፖርት፣ ቤት ኪራይና የቀረ የቀን ሥራ ያስከፍላል። የሚከፈልበት ሌላ ነገር አለ። ሆስፒታሉ “ምን ያዘሽ?” ለሚለው ይመልሳል፤ “ለምን እኔን?” ለሚለው ግን መልስ የለውም። ባህላዊው ፈዋሽ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሚናገረው በበሽተኛው ቋንቋ ነው፤ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ፣ በአማርኛ። ቤተሰቡን አብሮ ያስቀምጣል፤ ከጎረቤት ጋር የነበረ ጠብን ያነሳል፤ የሟች አደራን ይጠይቃል። ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰው የሚደርሱት ጥቂት ደቂቃዎች ለዚህ አይበቁም።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ የባህል ፈዋሽ፣ ሳንጎማ፣ አጥንት በትና የምትጠይቀው ስለ ቀደምት ዘመዶች ነው። የዛር ሥርዓት ከጎንደር እስከ ሱዳን፣ ከካይሮ እስከ ደቡብ ኢራን ዳርቻ ተዘርግቶ ይገኛል፤ በየቦታው ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዙበታል። ዛሩ ሽቶ፣ አዲስ ልብስ፣ ቡና፣ ዕረፍት ይጠይቃል፤ ሴትየዋ በራሷ አፍ ብትጠይቅ የማታገኘውን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲዳማ ውስጥ የነበሩ የሥነ ሰብ አጥኚዎችም ስለ መንፈስ መያዝ ሲጽፉ፣ ከማኅበራዊና ከሥነ ልቦና ፋይዳው ጋር አያይዘው ነበር። አንድን ሥርዓት ማኅበራዊ ፋይዳ አለው ማለት የሚጥል በሽታን ይፈውሳል ማለት አይደለም። ሰዎች ለምን እንደማይተዉት ግን ይገልጻል።

አእምሮ ሕክምና ላይ ሲመጣ ሌላው ምክንያት ይበልጥ ቀላል ነው፤ ሐኪም የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ትምህርት ሲጀመር በመላው ሀገሪቱ የነበሩት ባለሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ አድጓል፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ሀገር ግን ኢምንት ነው። ባለሙያ በሌለበት “ወደ ጸበል አትሂዱ” ማለት የትም አትሂዱ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቁጥር ላጉረምርም። በየጥናቱ መግቢያ “80 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ የባህል ሕክምና ይጠቀማል” የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ለአሥርት ዓመታት ሳይቀየር ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲገለበጥ የኖረ ግምት ነው። ሆስፒታል ሲከፈት አልቀነሰም፤ ሕዝብ ወደ ከተማ ሲፈልስም ንቅንቅ አላለ። ዳማከሴ ጨምቆ ለምች የሚጠጣውንና የስኳር መድኃኒቱን አቋርጦ ዱቄት የሚውጠውን አንድ ላይ የሚቆጥር አኃዝ ለፖሊሲ ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም።

ከሁሉም የባህል ሕክምና ዘርፎች ነገሩ በግልጽ የሚታየው ወጌሻ ላይ ነው። ወጌሻ እውነተኛ ችሎታ አለው። የወለቀ ትከሻ የሚመልስ፣ ወለምታ የሚያሽ፣ ቀላል ስብራት ለይቶ የሚያስር እጅ ያለው ሰው በየሰፈሩ ይገኛል። በሲዳማና በጉራጌ አጥንት ለተሰበረ ሰው ተለይተው የሚመረጡ የእንሰት ዓይነቶች አሉ፤ የእንሰቱ ሥር፣ አሚቾው፣ ተቀቅሎ በወተት ይበላል። ቤተሰብ ያን እያበላ በሽተኛውን ሲንከባከብ የሚያገኘው እረፍትና ምግብ በራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

አደጋው ያለው ማሰሪያው ላይ ነው። የተሰበረ እግር ያብጣል። ቀርከሃ ወይም እንጨት ተደርጎበት ጥብቅ ብሎ ከታሰረ እብጠቱ መውጫ ያጣል፤ ውስጡ ያለው ግፊት ደሙን ያግዳል። ጡንቻ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ገደማ ከቆየ በኋላ ጉዳቱ የማይመለስ መሆን ይጀምራል። ጣቱ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፤ ሕመሙም ከስብራቱ ጋር የማይመጣጠን ይሆናል። ልጁ ሌሊቱን ሲጮህ አባት “ቻለው፣ ወንድ አይደለህ?” ይለዋል። ሦስተኛው ቀን ላይ እግሩ ይጠቁራል። ሆስፒታል ሲደርስ የሚቀረው መቁረጥ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሕፃናትና የወጣቶች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ለነገሩ ጄሶም ጠብቆ ከታሰረ ያንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ጄሶ ያሰረው ሰው “ጣትህ ከደነዘዘ በሌሊትም ቢሆን ተመለስ” ብሎ መላኩ ነው።

እንግዲህ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለወጌሻው ማስተማር ይከብዳል? አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ያሳተመው ጥናት ወጌሾችን ሰብስቦ አጭር ስልጠና የሰጠ ሙከራን ይገልጻል፤ ከስልጠናው በፊትና በኋላ ያለው ሲነጻጸር በወጌሻ እስራት ሳቢያ የሚቆረጡ እጅና እግሮች በግልጽ ቀንሰዋል። ማንም ወጌሻ አልታሰረም፣ ማንም ሥራውን አልተወም። ጥናቱ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በየክልሉ መደበኛ አሠራር ሆኖ አለመቀጠሉ ያሳዝናል፤ በጤና ዘርፍ ይህን ያህል ርካሽ ነገር ብዙ አይገኝም።

ወደ ዕፅዋቱ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ቅጠል በእርግጥ ይሠራል። የሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው። ሐይቁ ውስጥ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ አለ፤ ዓሣ አጥማጆችና ውሃ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች ይያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ከዚያ የተነሳው ምርምር እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጠ፤ እርሱና ባልደረባው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። እናቶቻችን እንዶድን ለሳሙናነት ያውቁት ነበር፤ እንዶድን ከቀንድ አውጣና ከቢልሃርዚያ ጋር ያገናኘው ግን የተመራማሪው ዓይን ነው። ሁለቱ እውቀት ባይገናኝ ኖሮ አንዱም ብቻውን እዚያ አይደርስም።

የቻይናዋ ቱ ዩዩም እንዲሁ ናት። የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒንን ያገኘችው ከ4ኛው መቶ ዘመን የሕክምና መጽሐፍ ፍንጭ ወስዳ ነው። መጽሐፉ ቅጠሉ በውሃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ አላለም፤ ሙቀት ኃይሉን እንደሚያጠፋው የገባት ከዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። አዘገጃጀቱ ቅጠሉን ያህል ዋጋ አለው ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የእኛም መድኃኒት አዋቂዎች ከማንም በላይ ያውቁታል።

መጠን ግን ደካማ ጎናቸው ነው። ኮሶ የኮሶ ትልን ያስወጣል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን ራሳቸው ከኢትዮጵያ እየወሰዱ በመድኃኒት መዝገባቸው አስፍረውት ነበር። ያው ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ የዓይን ነርቭ ጎድቶ ሰው ያሳወረበት ጊዜ አለ፤ እዚሁ ሀገር በሐኪሞች ተመዝግቧል። “ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም” የሚለው አባባል በአውሮፓም ሰው አሳምኗል፦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለማቅጠን ተብሎ በተሰጠ የቻይና ዕፅ ድብልቅ ውስጥ በስህተት የገባ አንድ ተክል ከመቶ በላይ የሆኑ ሴቶችን ኩላሊት አበላሽቷል። እዚያ ግን በሽተኞቹ የሄዱበት ክሊኒክ መዝገብ ነበረው፤ ስለዚህ ምክንያቱ ተገኘ። እዚህ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዳያሊሲስ ክፍል ሲደርስ ከስድስት ወር በፊት የጠጣው ዱቄት ምን እንደነበረ የሚናገር ማን አለ?

ይህ ወደ ከተማው ይመልሰናል። ሀዋሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት፤ ነዋሪዋ ከየትም የመጣ ነው። ገጠር ውስጥ የመድኃኒት አዋቂው ዋስ ጎረቤቱ ነበር። አባቱን ያውቁታል፣ ማንን እንዳዳነ ያውቃሉ፣ ማን በእጁ እንደሞተም ያውቃሉ። አንዳንድ ቦታ ክፍያው ከዳነ በኋላ ነበር። ስሙን ካጠፋ መኖሪያ ያጣል፤ ስለዚህ የማይችለውን “ይህ የኔ አይደለም” ብሎ ይመልስ ነበር። ያ ቁጥጥር በወረቀት አልተጻፈም፤ ግን ይሠራ ነበር፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ከተማ ያንን ዋስ አፈረሰው፤ ስልኩ ደግሞ ቀበረው። ዛሬ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ስኳርን፣ የደም ግፊትን፣ ሄፓታይተስን፣ መካንነትን በአንድ ጠርሙስ እንደሚያድን የሚናገር ሰው አለ። ገንዘቡ በቴሌብር ይላካል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ይመጣል። ሻጩ አዳማ ይሁን ባሕር ዳር ገዢው አያውቅም። ባይሠራ ማንን ያማርራል? ቁጥሩ ሲዘጋ ሌላ ቁጥር ይከፈታል። የዓለም የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች “የተፈጥሮ ዕፅ” እየተባሉ ከሚሸጡ ዱቄቶች ውስጥ በተደጋጋሚ ስቴሮይድ (እብጠትንና ሕመምን በፍጥነት የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት)፣ የሕመም ማስታገሻና የወሲብ አቅም መድኃኒት ተደባልቆ አግኝተዋል። ለቁርጥማት የተሸጠ ዱቄት በሁለት ቀን “ተአምር” ከሠራ ቅድሚያ መጠርጠር ያለበት ስቴሮይድ ነው። ይህን ንግድ ከባህል ሕክምና ጋር በአንድ ስም መጥራታችን ራሱ እውነተኛዎቹን አዋቂዎች ይበድላል።

የፈውስ መድረኩም ተመሳሳይ ለውጥ አለፈበት። ድሮ ስለ አንድ በሽተኛ የሚጸልየው ሰው በሽተኛውን ያውቀው ነበር፤ ሳምንት ቆይቶም ይጠይቀዋል። አሁን በቀጥታ ሥርጭት ሺህ ሰው እያየ የሚሰጥ ምስክርነት አለ፤ “ድኛለሁ” ያለው ሰው ከወር በኋላ የት እንዳለ ግን ካሜራው አይከተልም። ሀዋሳ ውስጥ ስለ እነዚህ መድረኮች አማኙም እርስ በርሱ ይከራከራል፤ የተቀባ ዘይትና ውሃ በዋጋ መሸጡን የሚቃወሙት በአብዛኛው ራሳቸው ወንጌላውያን ናቸው።

ሕጉስ? ሕግ አልጠፋም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የወጡት የጤና ሕጎች የባህል ሕክምናን ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ አልከለከሉትም። አዋጅ ቁጥር 661/2002 ደግሞ የባህል ሐኪሞችን በምዝገባና በፈቃድ ሥርዓት ውስጥ አስገባ። ሌላው ዓለምም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው፦ እ.ኤ.አ. ጋና በ2000፣ ደቡብ አፍሪካ በ2007 የባህል ሐኪሞች ሕግ አወጡ፤ ሕንድ በ2014 ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቋቋመች፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 የባህል ሕክምና ማዕከሉን እዚያው ሕንድ፣ ጃምናጋር ከፈተ። ፈቃድ ግን አንድ ነገር ብቻ ይነግርሃል፤ ሰውየው ማን እንደሆነና የት እንደሚሠራ። በሽተኛው ሲብስበት ወዴት እንደሚልከው፣ ላከው ወይስ አላከው፣ ፈቃዱ ላይ አልተጻፈም። ከዚያም በላይ ፈቃዱ አጥማቂውን፣ ሼኩንና ነቢዩን አይመለከትም።

ርክክቡ የተሠራባቸው ቦታዎች ግን አሉ፤ የመጀመሪያው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በየጤና ጣቢያው ያለውን የወላዶች ማቆያ ማለቴ ነው። እናቶች ጤና ተቋም ሄደው አንወልድም ይሉ በነበረበት ጊዜ፣ ምክንያቱ ከርቀቱ በተጨማሪ ብቸኝነቱ ነበር፤ ገንፎ የለም፣ ቡና የለም፣ የሚያውቋት ሴቶች አጠገቧ የሉም። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎውንና ቡናውን ወደ ግቢው አስገቡት፤ የልምድ አዋላጇ ደግሞ ራሷ ከማዋለድ ወላዷን ይዛ ወደ መምጣት ዞረች። አዋላጇ ክብሯን አላጣችም፤ እናቲቱም ደም ቢፈሳት የሚያቆምላት አገኘች።

ሁለተኛው ኤች አይ ቪ ላይ የታየው ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ እንጦጦን በመሰሉ የጸበል ቦታዎች ብዙ ሰው “ጸበልና ኪኒን አይሄዱም” ብሎ መድኃኒቱን ይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጋጩ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚገባ በአደባባይ አስተማሩ። ያንን ቃል የትኛውም የጤና ሚኒስትር ቢናገረው ያን ያህል ክብደት አይኖረውም ነበር። ቆይቶም የአዲስ አበባ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከእንጦጦ አጥማቂዎች ጋር ተነጋግረው እዚያው ጸበሉ አጠገብ በሽተኛ የሚያዩበትን አሠራር ጀመሩ፤ ስለዚሁ እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድ የእንግሊዝ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት ታትሟል። በሽተኛው ጸበሉን አልተወም። ሐኪሙ ወደ እርሱ መጣ።

የጋና ነገር ደግሞ ጠንቀቅ ያደርጋል። እዚያ በጸሎት ካምፖች የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ታስረው ይቆያሉ፤ በእኛም ሀገር ግራ የገባው ቤተሰብ ይህን ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሙከራ በአንድ ካምፕ ውስጥ ከጸሎቱ ጎን መድኃኒት ለተሰጣቸው ሕሙማን ምልክቶቹ በግልጽ ቀለሉ። በሰንሰለት የቆዩባቸው ቀናት ግን አልቀነሱም። ሐኪሙ ካምፑ ውስጥ መግባቱ ብቻ ሰንሰለቱን አይፈታም ማለት ነው፤ ስለ ሰንሰለቱ ቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የጋናና የናይጄሪያ ጥናት ይህን ትምህርት የወሰደ ይመስላል፦ 307 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የተካተቱበት ሲሆን፣ ባህላዊና መንፈሳዊ ፈዋሾቹ ከአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋር በስምምነት አብረው ሠሩ። ከስድስት ወር በኋላ የእነዚህኞቹ ሕሙማን ሁኔታ ትብብሩ ካልተደረገላቸው በግልጽ የተሻለ ነበር። ፈዋሹ እንዳይጸልይ አልተከለከለም፤ እንዳይደበድብና እንዳያስር ግን ተስማማ።

ሀዋሳ ከዚህ ምን ልትወስድ ትችላለች? ሁሉንም ባንድ ጊዜ መያዝ አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እዚሁ ነው፤ ሐኪም የሚያሰለጥን ተቋም አለ፤ ወንዶ ገነት ላይ የመድኃኒትና የመዓዛ ዕፅዋትን የሚያጠና የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ከወጌሻውና ከሚጥል በሽታው ብንጀምር ይሻላል እላለሁ፤ ሁለቱም ላይ ጉዳቱ ፈጣን ነው፣ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ለውጡም በዓመት ውስጥ ይቆጠራል። ወጌሻው ስልክ ቁጥር ይኑረው፤ ጣት ሲደነዝዝ የሚደውልበት፣ የላከውን በሽተኛ ሲቀበለው የማይሰድበው ሰው ያለበት። ስድብ ትንሽ ነገር ይመስላል። አንድ ሐኪም በሽተኛው ፊት “ይህን የሠራብህ መሃይም ማን ነው?” ካለ፣ ወሬው ሳምንት ሳይሞላ ሰፈር ይደርሳል፤ ቀጣዩ ወጌሻ ቀጣዩን ልጅ ከመላክ ይልቅ ይደብቀዋል። የካርዱ ወረቀት ላይ “ከዚህ በፊት የት ሄደው ነበር? ምን ወሰዱ?” የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ ጥያቄውም ያለ ቁጣ ቢጠየቅ፣ ከብዙ ዘመቻ ይበልጣል።

የሚከብደው የፈውስ መድረኩ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፤ መንግሥት ጸሎት ሊመዝን አይችልም፣ ባይችልም ጥሩ ነው። አንቀጽ 27 ግን እምነትን የመግለጽ መብት ለሕዝብ ደህንነትና ጤና ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ያስቀምጣል። ከዚህ ተነስቶ በጣም ጠባብ የሆነ አንድ ክልከላ መጻፍ ይቻላል፦ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት እንዲቋረጥ ማዘዝ። ጸልይ፣ አጥምቅ፣ ቅራ፣ ዘይት ቀባ፤ ኪኒኑን ጣዪ ግን አትበል። ፈዋሹ በእርግጥ ድናለች ብሎ ካመነ፣ ሐኪሟ ዘንድ ሄዳ ታረጋግጥ፤ መድኃኒቱም መቆም ካለበት ቀስ እያለ እንዲቀንስ ያደርግላታል።

ማስረጃው ያስቸግራል፤ አውቃለሁ። ኪኒኑን የጣለችው ልጅ “ማንም አላዘዘኝም፣ በራሴ እምነት ነው” ልትል ትችላለች፤ ብዙዎቹም እንዲሁ ይላሉ። ዛሬ ግን እነዚህ መድረኮች በቪዲዮ ይቀረጻሉ፤ አብዛኞቹን የሚያሠራጩትም ራሳቸው አዘጋጆቹ ናቸው።